አምሮት፣ አለንጋና ፈቃድ በጎንደር

ይኸን ጽሑፍ እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ የማታ እንግዳ ነው። እኛ የዚህች መጽሔት ሠራተኞች ለኅትመት የሚሆነውን እየመረጥን ሳለን አንድ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ገባና በሩን ከኋላው ዘጋ። ሻይ ሰጠነው፤ አልነካውም። ስለ ፈተናም ስለ ብርዱም ብዙ ካወራ በኋላ ነገሩን አወጣው። የሴት እግር፣ በተለይም ተረከዝ፣ ከመልክም ከቁመናም ይልቅ ልቡን የሚያጠፋው እሱ ነው። እጮኛ አለው። ለሷ ነግሯት አያውቅም። «በሽታ ነው ወይስ ልክፍት?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን አንዱ ሳቀ። ሳቁ ልጁን እንደ ጥፊ ነው የመታው፤ ወዲያው ብድግ ብሎ ወጣ። እኛም እስከ እኩለ ሌሊት በሳቁ ስንጨቃጨቅ አመሸን።

ጸበል ሂድ ማለት ይቻል ነበር። ፊልም አብዝተሃል ማለትም ይቻላል። ሁለቱም ግን መልስ አይደሉም፤ ማባረሪያ ናቸው። እኛ ሐኪሞች አይደለንም፤ ታሪክና ሥነ ጽሑፍ ነው የምንማረው። ስለዚህ የምንችለውን አደረግን፦ ነገሩ በዓለም እንዴት ስም እንዳገኘ፣ ጎንደርም በዚህ ታሪክ ውስጥ ምን እንዳላት ፈለግን። አላት ወይ? የሚል ይኖራል። አላት፤ ያውም ሰፊ ገጽ። (ዓመቶቹ የኛ ካልተባሉ በቀር በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ቃሉ። ፈረንጆች ለእንዲህ ያለው መሻት «ፌቲሽ» ይላሉ። ሥሩ የፖርቱጋል ነው፤ «ፌይቲሶ» ማለት የአስማት ዕቃ፣ በእጅ ተሠርቶ ኃይል አለበት የሚባል ነገር ማለት ነው። መርከበኞቻቸው በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ሲነግዱ ያገሩ ሰው በአንገቱም በደጃፉም የሚያኖረውን ዕቃ በዚሁ ስም ጠሩት። ጎንደርን ቀድመው ቢያዩ ኖሮ ክታባችንንም ፌቲሽ ሳይሉት አይቀሩም ነበር። በ1760 ሻርል ደ ብሮስ የሚባል ፈረንሳዊ ስለ ፌቲሽ አማልክት አምልኮ መጽሐፍ አወጣና ቃሉ የሊቃውንት ሆነ። ማርክስ በ1867 «ካፒታል» ላይ ለሸቀጥ አዋለው። ከዚያ በ1887 አልፍሬድ ቢኔ፣ ኋላ የአእምሮ ፈተናን በማውጣት የታወቀው ሰውዬ፣ ለፍቅር አዋለው፦ ጫማ፣ ጠጉር፣ እጅ፣ ጨርቅ ከሰውየዋ ይልቅ የሚያቃጥለው ሰው ፌቲሽ አለበት አለ። እንግዲህ ይታይ፤ ቃሉ ከአፍሪካዊ አንገት ተነሥቶ ፓሪስ መኝታ ቤት ገባ። ጥቁሩን «ዕቃ አምላኪ» ብለው ሲስቁበት የነበሩት ሰዎች ዕቃ የሚያመልክ ሰው ቤታቸው ተኝቶ አገኙ።

ቢኔ ከመጻፉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1886፣ ክራፍት ኤቢንግ የሚባለው የአእምሮ ሐኪም የፍትወት በሽታዎች የሚለውን ሁሉ ሰብስቦ ትልቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። መታሰርንና መገረፍን ለሚሻው ሰው ደግሞ ከደራሲው ከዛኸር ማዞኽ ስም ወስዶ «ማዞኺዝም» የሚል ስም አወጣ። ደራሲው ያን ጊዜ በሕይወት ነበር። አልጠየቁትም። ስሙን በበሽታ ላይ ለጠፉበት።

አማርኛ ለዚህ ነገር የተለየ ስም የለውም። ያለው «አምሮት» ነው። ያረገዘች ሴት አምሮት አለባት፤ ቡና የለመደ አምሮት አለበት፤ ዛር ያደረበትም አምሮት አለበት። አምሮት በሽታም ኃጢአትም አይደለም፤ ካልተሰጠው የሚያንገላታ፣ ሲሰጠው የሚበርድ ነገር ነው። ለእንግዳችን ጉዳይም ቢሆን ያገራችን ሰው ዕውር አልነበረም። «ተረከዘ ሎሚ» የሚለው ውዳሴ የማን ነው? እናቶቻችንስ ቁርጭምጭሚታቸው ላይ የብር አልቦ የሚያጠልቁት ለማን ይታይ ብለው ነው? በጥምቀት ዕለት የወደዳትን ሴት ደረት በሎሚ የሚመታ ወጣት ሎሚው ፍሬ ብቻ አለመሆኑን እሱም ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ነገሩ አለ። ስም ግን አልወጣለትም፤ ስም ያልወጣለት ነገር ደግሞ ለመሳቂያ ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንሂድ።

በ1930 ፓሪስ ውስጥ «ዶኩማን» በምትባል መጽሔት ላይ ሚሼል ሌሪስ የሚባል የሃያ ዘጠኝ ዓመት ጸሐፊ አንድ እንግዳ ጽሑፍ አወጣ። ከጽሑፉ ጋራ ፊቷንና ራስ ቅሏን ሙሉ በሙሉ በቆዳ ጭምብል የሸፈነች ሴት ፎቶግራፎች ነበሩ። ጭምብሉን ያሠራው ስለ ሃይቲ በጻፈው መጽሐፍ የታወቀው አሜሪካዊ ዊልያም ሲብሩክ ነው። ሌሪስ እነዚህን ሥዕሎች እያየ፣ ፊት ሲሸፈን ሴትየዋ ስም የሌላት እንቆቅልሽ ትሆናለች፤ ፍትወቱም የሚጠናው በዚህ ነው አለ። ይኸ ሰው ያን ጊዜ ራሱ ታማሚ ነኝ ባይ ነበር። በወንድነቱ አያምንም፤ በ1929 አድሪያን ቦሬል የሚባል ሐኪም ዘንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ጀምሯል። ሐኪሙም ሩቅ አገር መሄድ ይበጅሃል አለው።

ሩቁ አገር እኛ ነን። ሌሪስ በማርሴል ግሪዮል የሚመራው የዳካር–ጅቡቲ ተልዕኮ ጸሐፊ ሆኖ በ1931 ተነሣ። መንገድ ላይ፣ የዛሬዋ ማሊ ውስጥ፣ ጓደኞቹ ከመንደር ቤተ አምልኮ ውስጥ «ኮኖ» የሚባለውን ቅዱስ ዕቃ፣ ማለትም በፈረንጅ አፍ «ፌቲሹን»፣ አስፈራርተው ሲወስዱ እሱም እጁ ነበረበት፤ ይኸንንም አልደበቀም፤ ማስታወሻው ላይ ጻፈው። ተልዕኮው ጎንደር የገባው በሐምሌ 1932 መጀመሪያ፣ በኛ በሰኔ 1924 ማብቂያ ነው። ክረምት ነበር። በኢጣልያ ቆንስላ ግቢ ሰፈሩ። እስከ ታኅሣሥም ቆዩ። የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳ ልጠው ቅጂ ተክተው ወሰዱ፤ ሥዕሎቹ ፓሪስ ገቡ። ስለ ሥዕሎቹ ብዙ ተጽፏልና እኛ እንለፈው።

ሌሪስ ግን ሥዕል ሳይሆን ሌላ ነገር ያዘው። ባዕታ ሰፈር መልካም አየሁ የምትባል አሮጊት የዛር ቤት ነበራት። ሌሪስ በአባ ጀሮም ገብረ ሙሴ አስተርጓሚነት ቤቷ ገባ፤ ከገባም አልወጣም ማለት ይቻላል። ለጭዳ የሚሆን ፍየልና ዶሮ ገዛ፤ ቡናውን፣ ዕጣኑን፣ ፉከራውን፣ ጉሪውን ሌት ተቀን እያየ ጻፈ። የመልካም አየሁን ሴት ልጅም ወደደ። ወደደ እንበል እንጂ ምን እንደሆነ እሱም በደንብ አያውቅም፦ ዛር ሲጋልባት፣ የመሥዋዕቱን ደም ስትቀምስ፣ ከእንግዲህ እሷ ያልሆነች ስትሆን ነው ልቡ የሚሄደው። ጭምብሉን እናስታውስ። ፓሪስ ላይ በቆዳ የተሸፈነች ሴት ስም አጥታ አስደነገጠችው፤ ጎንደር ላይ ደግሞ በዛር የተሸፈነች ሴት። የሰውዬው አምሮት ሁለት ዓመትና ስንት ሺ ኪሎሜትር ተጉዞ እዚያው ነው የተገኘው።

የልጅቱ ስም መጽሐፉ ላይ አለ። እኛ እዚህ አንደግመውም። ምክንያታችን ቀላል ነው፤ ሌሪስ በ1934 «አፍሪካ ምትሐቷ» እንደ ማለት ያለ አርእስት ሰጥቶ ያሳተመው የዕለት ማስታወሻ የሱን መሻት፣ የሱን ኀፍረት፣ የሱን ድክመት በሱ ብዕር ይነግረናል። በዚህስ እናደንቀዋለን፤ ራሱን አልማረም። የሷን ግን ከሷ ገጽ አናነብም። ራስን ማጋለጥ መብት ነው፤ ሌላውን አብሮ ማጋለጥ ግን ሌላ ነገር ነው። በዚህ ላይ እኛው ውስጥ አንድ ጓደኛችን «ታሪክ ነው፣ ስም ይጠራ» ብሎ ተከራክሮን ነበር። ተሸነፈ፤ ግን አልተቀበለም።

አሁን ስለ ዛሩ ቤት። ከሁሉ አስቀድመን አንድ ነገር እንበል፦ ዛር ወሲብ አይደለም። የታመመች፣ የከፋት፣ ልጅ የሞተባት ሴት መድኃኒት ብላ የምትሄድበት ቤት ነው። ቅርጹን ግን እንመልከት። ዛሩ ጌታ ነው፤ ሰውየው ወይም ሴትየዋ «ፈረስ» ናቸው። ዛሩ ይጋልባል፤ ፈረሱ ይጋለባል። ከታወቁት ዛሮች አንዱ ሰይፉ ጨንገር ይባላል፤ ጨንገር ማለት እኮ የመግረፊያ ልምጭ ነው። ባለ ዛሯ አለንጋ ይዛ ትቀመጣለች። ከበሮና ጭብጨባው ሲበረታ ፈረሱ ጉሪ ይላል፤ አንገቱ እስኪቀጭ ራሱን ያሽከረክራል። በወትሮው ባሏ ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ሴት ወንድ ዛር ሲወርድባት ትፎክራለች፣ ታዛለች፣ ሽቶና ቀለበት ይምጣልኝ ትላለች። ባልየው ያመጣል። ለሚስቱ አላመጣም፤ ለዛሩ ነው ያመጣው። ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አይናገርም።

ሲሞን ሜሲንግ የሚባል አሜሪካዊ የሰው ልጅ ጥናት ተመራማሪ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ጎንደር ቆይቶ በ1958 ባወጣው ጽሑፍ የዛር ቤትን የቡድን ሕክምና አለው፤ ዝቅ ያለው ሰው ደረጃ የሚያገኝበት ማኅበር ነው ብሎም ጨመረበት። በዚያው ዓመት ሌሪስ ስለ ጎንደር ዛር ትያትራዊ ገጽታዎች ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ጥያቄው ግሩም ነው፦ ያደረበት ሰው ይጫወታል ወይስ እውነት ነው? መልሱ ሁለቱም ነው። የሚኖሩት ትያትር አለ፤ የሚጫወቱት ትያትር አለ፤ በመካከላቸውም አጥር የለም። በ1971 ደግሞ ዮዋን ሉዊስ የዛርን ዓይነት ነገር የተገፉት፣ በተለይም የሴቶች፣ የተሸፈነ ተቃውሞ ነው ብሎ ተነተነው። ይኸኛው ትንተና ለኛ ለተማሪዎች ይጥመናል፤ ቢሆንም ሁሉንም ነገር ተቃውሞ ማድረግ ደስታውን ይሰርቃል። ሰው ለመጋለብ ብሎም ይሄዳል። ለዚያ ሰዓት ብቻ ከራስ ሸክም ማረፍ አለ፤ መገዛት ራሱ ዕረፍት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ምዕራባውያኑ ዛሬ «ኪንክ» በሚሉት ጨዋታ ገዢና ተገዢ ሆነው የሚጫወቱት ባልና ሚስት የሚናገሩት ይኸንኑ ነው።

የዛሩ ቤት አንድ ትልቅ ጥበብ አለው፤ እሱም ጥያቄው ነው። ባለ ዛሯ የወረደውን መንፈስ ማን ነህ? ብላ ትጠይቀዋለች። ቀጥላ ምን ትሻለህ? ትለዋለች። ስሙን እስኪናገር፣ አምሮቱን እስኪዘረዝር ትከራከረዋለች፦ ገብስማ ዶሮ ነው? ቀይ ጨርቅ ነው? ይኸ አይቻልም፣ ያኛው ይቀነስ፣ በዓመት አንዴ ይሁን። ድርድር ነው። ዛሩ ይማላል፤ ቤቱም ይማላል። አምሮት በዚህ ቤት አይሳቅበትም፤ ስም ይወጣለታል፤ ዋጋ ይቆረጥለታል። በ1983 ኒውዮርክ ውስጥ የዚህ ጨዋታ ሰዎች «ደኅንነት፣ ጤናማ አእምሮ፣ ፈቃድ» የሚል መፈክር ሲያወጡ፣ ከመጀመር በፊት ምን ይፈቀዳል፣ ምን አይፈቀድም ተባብለው ሲነጋገሩ፣ ሲበቃም የምታቆም አንዲት ቃል ሲመርጡ፣ አዲስ ነገር ያገኙ መሰላቸው። ልዩነት አለ፤ አንክድም። ዛር ያደረባት ሴት ሕመሟን አልመረጠችም፤ እነሱ ግን ጨዋታውን መርጠዋል። ድርድሩ ግን ዘመድ ነው።

ተፈልጎ የሚቀበሉት ምት ለኛ ኅብረተሰብ ጨርሶ እንግዳ ነው የሚል ካለ የስቅለት ዕለት ማታ ቤተ ክርስቲያን ይቁም። ቄሱ የወይራ ቅጠል ይዞ ምእመኑን ጀርባውን ይጠበጥበዋል፤ የስግደቱንም ቁጥር ይነግረዋል። ሰልፍ ይዞ የሚጠብቀው ራሱ ተመቺው ነው። ይኸ የንስሐ ነገር ነውና ከፍትወት ጋራ አናገናኘውም፤ የምንለው ምትን የሚለየው የጠየቀው ሰው መሆኑን ነው። በደቡብ፣ ሐመር ዘንድ፣ ወንዱ ከብት በሚዘልበት ዕለት የቤተ ዘመዱ ሴቶች «ማዛ» የሚባሉትን ጎረምሶች ግረፉን እያሉ ይከራከሯቸዋል፤ ጎረምሳው ሲያመነታ እነሱ ይቆጡታል። ጠባሳው ኋላ በዘላዩ ላይ የዕዳ ማስረጃ ይሆናል፤ በችግሯ ቀን ይቆምላታል። ፈቃዱ ሙሉ ነው ወይስ የባህል ግፊት ነው? በዚህ ላይ የሚከራከሩ አሉ፤ እኛም ደፍረን አንፈርድም።

መፍረድ የምንችለው ሌላ ቦታ ነው። «ሴትና አህያ ዱላ ይወዳል» የሚለውን ተረት እዚሁ ከተማ ያልሰማ ማን አለ? የሚያስቅ ከመሰለን ይታሰበን፦ ተረቱ ሴትየዋን አልጠየቃትም። መውደዷን የተናገረው ዱላ ያዢው ነው። በ2016 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከመቶ 63 ሴቶች፣ ወጥ ብታሳርርም ይሁን ሳትነግረው ብትወጣ ወይም በሌላ በአንዱ ምክንያት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ተገቢ ነው ብለዋል። ከወንዶች ይኸን ያሉት 28 ከመቶ ናቸው። ቁጥሩን ስናይ ደነገጥን። ይኸ ፈቃድ ነው? በፍጹም። ምቱ ይገባኛል ማለትና ምቱን እሻለሁ ማለት ሰማይና ምድር ናቸው፤ የመጀመሪያይቱ እምቢ የምትልበት በር የላትም። ጠለፋም እንዲሁ ነው። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባት ነጻ ያወጣው ነበር፤ ይኸ ቀዳዳ የተደፈነው በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ በዋለው የወንጀል ሕግ ነው። ኀምሳ ዓመት ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። በሰሜን ጎንደር ደጋ አያቶቻችን ስንቶቹ በዚህ መንገድ ተዳሩ? እንግዲህ በሁለት ሰዎች ፈቃድ የሚሆን የጓዳ አምሮት ነውር ተብሎ ሲሸሸግ፣ ያለ ፈቃድ የሆነው ግን በሆታ ታጅቦ አደባባይ ይወጣ ነበር። የኛ ኅብረተሰብ ኀፍረቱን ያኖረው በተሳሳተው ቦታ ነው፤ ይኸን ስንል የሚቆጣን ይቆጣን።

የሥነ ልቦናውን ሊቃውንት ቶሎ እንለፋቸው፤ ብዙ ተናግረው ጥቂት አስረድተዋል። ቢኔ በአጋጣሚ የተጣበቀ ትዝታ ነው አለ። ፍሮይድ በ1927 ወንድ ልጅ ስለ እናቱ አካል ከገጠመው ድንጋጤ የመጣ መሸፈኛ ነው አለ፤ ለሴቶችስ? ብንለው ብዙ መልስ የለውም። ራክማን በ1966 ጥቂት ፈቃደኛ ወንዶችን የቦት ጫማ ሥዕልን ከእርቃን ሥዕል ጋራ እያፈራረቀ አሳይቶ ጫማው ብቻውን እንዲያነሣሣቸው አደረገ፤ ኋላም መልሶ አጠፋው። ራማቻንድራን ደግሞ በአንጎል ውስጥ የእግር ስሜት የሚመዘገብበት ቦታ ከብልት ቦታ ጎን መሆኑን አስታውሶ፣ ምናልባት ከጎረቤቱ እየተሻገረ ይሆን? አለ። መላ ምት ነው፤ ግን ለእንግዳችን ሳይጥመው አይቀርም። በካናዳ፣ ኬቤክ፣ 1,040 ሰዎች ተጠይቀው ግማሽ ገደማ የሚሆኑት እንግዳ ከሚባሉት አምሮቶች ቢያንስ አንዱ እንዳላቸው ተናገሩ። ግማሽ ሰው ካለበት እንግዳነቱ የት ላይ ነው?

ሐኪሞቹም ተመልሰዋል። የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች በ2013 መዝገባቸው ያልተለመደ መሻት ብቻውን ሕመም አይደለም፤ ሕመም የሚሆነው ሰውየውን ሲያሠቃይ ወይም ሌላውን ሲጎዳ ነው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ያዋለው የበሽታዎች መዝገብ ፌቲሽንና በፈቃድ የሚደረግን መግረፍና መገረፍ ከዝርዝሩ አወጣቸው። ያለ ፈቃድ የሚደረገው ግን እዚያው ቀረ። ክራፍት ኤቢንግ የከፈተው መዝገብ ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ባለ ዛሯ አስቀድማ ወደምትጠይቀው ጥያቄ ደረሰ ማለት ነው።

እንግዳችንን ፈልገን አገኘነው። ይቅርታ ጠየቅነው፤ የሳቀው ልጅ ራሱ ነው ቀድሞ የተናገረው። ረቂቁን አነበብንለት። ስለ ሌሪስ ሲሰማ ዝም አለ፤ ስለ ተረከዘ ሎሚ ሲሰማ ትንሽ ፈገግ ብሎ «አያቴ እኮ አልቦዋን እስክትሞት አላወለቀችም» አለን። ከዚያ የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለእጮኛው እንዴት ብሎ እንደሚነግራት። ከመካከላችን አንዷ፣ ጽሑፉን ስትተይብ የነበረችው፣ ወረቀቷን አስቀምጣ፣ «መጀመሪያ አንተ እሷን ምን ትወጃለሽ ብለህ ጠይቀሃት ታውቃለህ?» አለችው። አልጠየቃትም ኖሯል። ሻዩን ያን ቀን ጠጣ።